አይበላም

ግንቦት ሲጋመስ ነው፣ ሙሐረቅ ስትግል፣
የመዳም ቤጎኒያ ቅጠሉ ሲዝል፣
ግንዱ ከአንጓው ላይ ረግፎ ሲነጠል፤
"ሞቷል" አለች መዳም፣ "ከነአፈሩ ይጣል።"
ከሆላንድ በካርቶን፣ በአውሮፕላን መጥቶ፣
አራት ወር ለእንግዳ ሳሎን ተጎልቶ፣
ፎቶ ተነሥቶ፣
ፋንታው ገንዳ ሆነ፣ ሙቀት ገና ገብቶ።

እኔ የሰዓት ነኝ፤ ሁለት ዲናር ዋጋዬ፣
አውቶቡስ በራሴ፣ ምሳም ከቦርሳዬ።
ገንዳው አፍ ላይ ቆሜ ጣሳውን ስገለብጥ፣
አንድ ነገር ወጣ፣ የልጅ ጡጫ የሚያህል፣ ጠጉራም እንደ አይጥ፤
አንድ ጎኑ ሆዳም፣ አንድ ጎኑ ጎድጓዳ፣
ጥፍሬን ሰካሁበት፤ እርጥብ ነው ውስጡ፤ አልሞተም ይሄ ዕዳ።
ቦርሳዬ ከተትኩት፣ ከምሳ ዕቃዬ ጋራ፣
ሌባ የሆንኩ መስሎኝ ቀና አልኩ ወደ ካሜራ።

አምስት ነን በአንድ ክፍል፣ ጉደይቢያ ጓሮ፣
አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ኤሲ፣ የሪሞት አምባጓሮ፤
ሰዓዳን ይበርዳታል፣ እርጎዬን ይሞቃታል፣
ይመኙሻልን ደግሞ ሁለቱም ያናድዳታል።
የጎረቤት ቪላ አትክልተኛ ሹኩር፣
በስብርባሪ ዓረብኛ ሲመክር፦
"ውሃ አትስጪው፤ ደረቅ ሰጋቱራ፤
ብርድና ጨለማ፤ እስከ ጥቅምት ድረስ ዝም በይው፣ አደራ።"
ከሎሚና ከነጭ ሽንኩርቱ መሐል ቦታ ፈለግሁ፣
ፌስታሉ ላይ በማርከር "አይበላም" ብዬ ጻፍሁ።

ሐምሌ ላይ፣ አንድ ዓርብ፣ ቤት ስገባ ደክሜ፣
ይመኙሻል ድንች ስትልጥ አየሁ ከደጃፉ ቆሜ።
አራተኛው ድንች ጠጉር አለው።
ጮህኩ።
"ፌስታሉን አላየሽም? ተጽፏል እኮ፣ አይበላም!"
ቢላዋውን አየች እንጂ እኔን አላየችም።
ሦስት ዓመት አንድ ክፍል፣ አንድ ድስት በልተን፣
"መነጽሬን ረሳሁ፣ ሙዪልኝ" ስትለኝ የሐዋላ ቅጹን
(መነጽር የላትም)
እንዴት አልገባኝም?
ቁስሉን ቀረፋ ነስንሰን ሁለት ቀን አደረቅነው፣
ስለ ድንቹም፣ ስለ ፊደሉም፣ ሳናነሣ ተውነው።

ጥቅምት። ከባሕሩ በኩል ነፋስ ገባ።
የኒዶ ጣሳ በሚስማር በሳሁ፤ ጎድጓዳው ወደ ላይ
(ተገልብጦ የተተከለ መሬት ለመሬት ሲዞር ይከርማል፣ ሲፈልግ ሰማይ)።
ውሃው በማንኪያ፣ ዳር ዳሩን፤ ጎድጓዳው ላይ ካረፈ ይበሰብሳል፤
ይመኙሻል ጣቷ ከእኔ ቀድሞ አፈሩን ይዳስሳል።
በሃያ ሦስተኛው ቀን ሮዝ ጉጥ ወጣ፣ ከጠባሳው ርቆ፤
ጠባሳው እዚያው ነው፣ ጠቁሮ ተሸማቆ።
ሪሞቱ ሃያ ሁለት ላይ ቆመ፣ ያለ ዳኛ፤
ሰዓዳ ሹራብ ገዛች፣ ካልሲ አጥልቃ ልትተኛ።

ጥር ላይ ፈነዳ።
ብርቱካንማ፣ እንደ ቬሎ የተነባበረ፣ የሻይ ሳህን የሚያህል ወንዱ፤
ግራና ቀኙ ሁለት ቀጫጭን ሴቶች፣ በዚያው በአንዱ ዘንጉ።
"ሴቶቹን ቅጠፊ" አለኝ ሹኩር፣ "ወንዱ እንዲገዝፍ።"
ይመኙሻል ሳቀች፤ "እዚህ ቤት? ከፈለገ እሱ ይርገፍ።"
በሳምንቱ ሳይጠወልግ፣ ሙሉውን፣ ዱብ አለ
ሰዓዳ ትራስ ላይ።
ሴቶቹ ቆዩ።

አሁን ደግሞ ግንቦት ነው። ቅጠሉ ቢጫ ጀመረው።
ይመኙሻል ፌስታሉን ጉልበቷ ላይ ወጥራ፣
ማርከሩን እንደ ቢላዋ ጨብጣ፣
"አ" ጻፈች፣ ቆየች። "ይ"፤ ቆየች። "በ" ወፈረባት።
"ላ"ን ገለበጠቻት፣ እግሯ ወደ ሰማይ።
"ትክክል ነው?" አለችኝ።
ነው አልኳት።

ማታ እርጎዬ ድንች ፍለጋ መሳቢያውን ሳበች፣
እጇን ልትሰድ ብላ፣
ቆም አለች፣ አንገቷን አዘመመች፣
አነበበች።