አንድ ስንዝር

ኬሚያርቪ ሐይቁ ረግቶ መንገድ ሆኗል፤
እሁድ በጀርባው ላይ መኪና ይሮጣል።
አክስቴ ኢርሜሊ ምድጃ ለኮሰች፣
ከታውኖ ቮልቮ ላይ ሸራውን ገፈፈች፤
ሁለት ክረምት ሙሉ ማንም ያልነዳውን
«ያንቺ ነው» አለችኝ፣ ወረወረች ቁልፉን።

በረዶ ላይ ሲዞር አፍንጫው ይከብዳል፤
ባትሪው ለሚዛኑ ኋላ ተቀምጧል።
ያዛወረው ታውኖ፣ በቅዳሜ ምሽት፣
«ምን ይመጣል!» እያለ፣ በቢራ፣ በፉጨት።

«አስቀድመሽ» አለች፣ «ጌጥሽን አውልቂ፤
ሰዓት፣ ሐብል፣ ቀለበት፤ አንዱንም አትደብቂ።
በሌላ ቤት ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ይወጣል፤
በእኛ ሙያ ወርቁ ግሎ ጣት ይቀልጣል።»
የኔን አወለቅሁ። የሷ ግን እምቢ አለ፤
ሠላሳ ሰባት ዓመት እዚያው ነው የዋለ።
ሳሙና፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጥርስ መንከስ፣ መሳብ…
ምስማር ላይ ሰቀለችው ከመጋዙ አጠገብ።
ጣቷ ላይ ነጭ ቀለበት ቀረ፥ የቆዳ፣
ፀሐይ ያላየችው፣ ለብርድ እንግዳ።

ወንበሩን ነቀልን። ምንጣፉን ገለጥን።
ቀዩን ገመድ ይዘን በጉልበት ተከተልን።
ላሜራውን በስቶ በሚያልፍበት ስፍራ
ጎማ አላለበሰው፤ ያ ስለታም ላሜራ
አሥራ አንድ ክረምት፣ በየንቅጥቅጡ፣
ሲፍቀው፣ ሲፍቀው፣ አልቆለት ልጡ፣
መዳቡ ፈገግ ብሏል። የቀረው ፀጉር ነው።
ፊውዝስ? አልሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አየነው።

ፊውዝ የለም።

ዝም አለች። ከዚያ ለባዶው ወንበር፥
«አንተ ጉደኛ» አለች፣ «እኔ እዚህ ላይ ሆኜ፣
እናቴን ከኋላ ከነዓሣዋ ጭኜ፣
ስንቴ ሮቫኒየሚ… ከእሳት ፀጉር ርቀህ!
ዕድል ነው ይኼ እንጂ፣ መች ሥራ ነው ሥራህ?»
ሳቀች፣ ወይም ሌላ፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር።

ከዚያ ወደ ሥራ። «ጥቁሩን አስቀድመሽ ፍቺ፤
ስትመልሺ እሱን ኋላ ነው፣ አትርሺ።
ፊውዙ ከባትሪው ይግባ በአንድ ስንዝር፤
ይቺ ስንዝር ዘብ የላት፤ ከቻልሽ እሷም ትጠር።
ሳይቃጠል በቅጠል አይደል የሚባል?
ቅጠሉ ይኼው ነው፣ አውራ ጣት ያህላል።
ገመዱን ወፍራሙን፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣
ቀጭን ገመድ ጉልበቱን በየመንገዱ ነው የሚጥለው።
ከቤንዚን ቧንቧ ሽሺ፣ ከጭስ ማውጫም ሽሺ፤
በየቀዳዳው ጎማ አልብሺ፣ አትሳሺ።
ባትሪውን በሳጥን፣ በቀበቶ አጥብቂ፤
ተገልብጠሽም ቢሆን እንደማይፈታ እወቂ።
ይተነፍሳልና ቱቦ ወደ ውጭ ስጪው፤
ትንፋሹ እሳት ይወዳል፤ ውስጥ አታስቀሪው።»

በመጨረሻ መሬት። ጥቁሩ ገመድ መሬት ይሻል፤
በቀለም ላይ ቢታሰር የት ይደርሳል?
«ፋቂ» አለች። ሰማያዊውን ፋቅሁ፣ ከሥሩ ግራጫውን፣
ብረት እስኪያበራ አጸዳሁ ስፍራውን።
ቡሎኑን ስታጠብቅ፣ ቅባት ስትቀባ፣
«ሁሉም ዞሮ ዞሮ መሬት ነው የሚገባ»
አለች። በመስኮቱ የመቃብሩ ጥድ ይታያል።
አልጠየቅኋትም። ገመዱም መሬት ይዟል።

ቀዩ እጀታ ከውጭ ነው፤ ብገለበጥ ድንገት
ስሜን የማያውቅ ሰው እንዲያጠፋው በቅጽበት።

በሩን ከፍተን ብርዱን አስገባን።
ቁልፉን አዞርሁት። አንዴ አቃሰተ፤
ሁለተኛው ላይ ያዘ።
ኢርሜሊ ሞተሩን አላየችም፤ ጎንበስ አለች፣
ገመዱን በመዳፏ ዳሰሰች፣
ትኩሳት እንደሚፈራበት የልጅ ግንባር።
«አይሞቅም» አለች።

መብራት ስናጠፋ «ቀለበትሽ» አልኳት።
ምስማሩን አየችው። ጣቷን በጣቷ አሻት።
«እሁድ ከመሮጥሽ በፊት ደግሜ እፈትሻለሁ፤
እዚያው ይደር» አለች።