ጥያቄ ዐሥራ ሰባት

የስምንተኛ ክፍል የፈተና ክምር
ይዤ ወርጃለሁ ወደ ጣና ዳር፤
ከቢሮ ይሻላል፣ እዚህ ነፋስ አለ፣
ወረቀት ቢሰርቅም ላብን ያቀለለ።
ድንጋይ ጭኜበታለሁ።

ጥያቄ ዐሥራ ሰባት፦ «ቆጵሮስ የተባለች
የደሴት አገር የት አህጉር ትገኛለች?»
ሀ እስያ፣ ለ አውሮፓ፣ ሐ ደግሞ አፍሪካ፤
አንዱን ፊደል መክበብ፣ ሐተታ ሳይነካ።

ሃምሳ ስድስት ልጆች ሀን ከበቡልኝ፤
አንዱ ለን። (ሬዲዮ ይሰማል መሰለኝ፤
እዚያ ኅብረት ውስጥ ናት፣ ስብሰባ ትገባለች፣
በአፈሯ እስያ ናት፣ በወንበር አውሮፓ ውላለች።)

ውባለም ግን፣ ከደቅ በጀልባ የመጣች፣
ምንም ፊደል ሳትከብብ ኅዳጉን ሞላች፦
«ጠያቂው ማነው?» ይላል፣ ጽሕፈቷ ዘንበል ብሎ፣
«ይህን የጠየቀው የት ዳር ላይ ውሎ?»

ለዳይሬክተር ሽባባው ደወልኩ። «ስሕተት ነው!
አትላስህን ግለጥ፣ ምን ያከራክራል ነው?»
ገለጥኩ። ከቱርክ በታች፣ ከሶርያ ምዕራብ፣
በአውራ ጣቴ ጥፍር የምትሸፈን ነጥብ።
እሱ ትክክል ነው። እኔም አልሞገትኩም።
ልጅቷን ጠርቼ ግን ሳልጠይቅ አልቀረሁም፤
እዚያው ወደብ ላይ ነች፣ ጀልባ ትጠብቃለች።

«አባቴ፣» አለችኝ፣ «ጎርጎራ ሲሄድ
‹ማዶ ልሻገር› ነው የሚለው ሲሰናዳ ለመንገድ፤
ባሕር ዳር ሲመጣም ያንኑ ይደግማል።
ጨው የሚመጣ ከማዶ፣ ዓሣው የሚሸጥ ማዶ፣
እምቦጩም ሥሩን ይዞ የሚደርሰን ከማዶ።
ደቅ ላይ የቆመ ሰው ‹የማን ነኝ?› አይልም፤
ጠዋት ወጥቶ ቢያይ በዙሪያው ያለው ጉም።
የዚያች አገር ልጅም፣ እኔ እንጃ፣ ይመስለኛል፣
‹እስያም ማዶ ነው፣ አውሮፓም› ይላል።»

ዝም አልኩ።
ከፊታችን የእምቦጭ ቁራጭ መሬት፣
አረንጓዴ፣ ሰፊ፣ ወፍ ተቀምጣበት፣
ትናንት ዘጌ በኩል፣ ዛሬ ዓባይ መውጫ፣
ይንሳፈፋል፤ ፊደል የለው መምረጫ።
አንድ ታንኳ መሐሉን ሰንጥቆት አለፈ።

ግማሽ ነጥብ ሰጠኋት፤ ቀዩ ቀለም ሳይደርቅ
ሽባባው ላከብኝ፦ «ቅጹ ግማሽ አያውቅ፤
ዜሮ ወይም አንድ ነው። እስከ ሰኞ ድረስ።»
ዛሬ ዓርብ ነው። ጀልባው ወደ ደቅ ሲመለስ
ልጅቷ ከኋላው እጇን አነሳችልኝ፤
ቀስ በቀስ አነስኩ፤
ለሷ አሁን ማዶ ነኝ።

ድንጋዩን ገና አላነሣሁትም።