የአንድ ሳህን ልጆች

እናቴ ሮሃናህ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣
መስኮት በሌለበት፣ በዚያ በነጭ ቤት፣
ዓይኗን ከማጉያው መነጽር ላይ ሰክታ
ቺፕ ስትለይ ኖረች፣ ጠዋትና ማታ።

ዛሬ ዓይኗ ደክሞ፣ የአውቶቡስ ቁጥር
እኔ ነኝ የማነብላት፣ ቆሜ ከመንገድ ዳር።
ዝናብ ነው ፔናንግ። ጃንጥላችን አንድ፤
ጆርጅታውን ወረድን፣ ላፕቶፕ ልንወስድ።

በሚመጣው ወር ነው ትምህርት የሚጀመር፤
ደረጃ፣ ጣሪያ፣ ድልድይ መሳል ልማር።
ኢፖ ነው የምሄደው።
ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ፖሊቴክኒክ ነው።
ሁለት ነጥብ ጎድሎኝ።
ውጤቱ የመጣ ቀን እማ ምንም አላለችኝ፤
ዓሣ ጠብሳ፣ አጥንቱን ለቅማ፣ አጎረሰችኝ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ሱቅ ከሱቅ ተጣብቆ፣
ቦን ሊያን የሚባል ሻጭ፣ ከወንበሩ ፈንጥቆ፣
ሁለት ላፕቶፕ ከፈተ ጎን ለጎን፤
አፉ እንደ ቦይ ውሃ፣ ማን ሊይዘው ይሆን?

«ይሄ ባለ ሰባት ነው፣ ያኛው ባለ አምስት፤
ይሄ ዐሥራ አራት ኮር፣ ያ ዐሥር ብቻ አለበት።
ሕንጻ ስለሽ፣ ጥላ ጥለሽ፣ ብርሃን አብርተሽ፣
‹ምስሉን አውጣ› ስትይው፣
ሰባቱ ያወጣዋል ሻይሽን ሳትጨርሽ፤
በአምስቱ ግን፣ እህቴ፣ ሽበት ታወጫለሽ!»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ልቤ ግን ተሰቅሏል፤
የሰባቱ ዋጋ በሺህ ሪንጊት ይበልጣል።
ከቁጥር እስከ ቁጥር ያለውን ርቀት
እኔ አውቀዋለሁ፤
በሁለት ነጥብ ስወድቅ በእግሬ ለክቼዋለሁ።

እናቴ ዋጋ አልጠየቀች።
መዳፏን ከሥሩ ሰደደች፣
ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ሆዱን ዳሰሰች፤
ጆሮዋን አስጠግታ ማራገቢያውን አዳመጠች።

«ይጮሃል» አለች። «ቀጭን ቤት፣ ትልቅ እሳት።
ሲግል ፈርቶ ይዘገያል፤ ያን ጊዜ የት አለ ሰባት?
ግማሽ ሰዓት አሠራው፣ ልጄ፣ በከባድ ሥራ፤
ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ቁጠራ።»

ቦን ሊያን ዝም አለ። ዝናቡ ግን አላባራ።

«ስሚ ሱሪያቲ፣ እነዚህ ሁለቱ
እህትማማች ናቸው፤ ከአንድ ሳህን ነው ውልደቱ።
ከአንድ አሸዋ ቀልጠው፣ ባንድ ቀን ተሠርተው፣
እኛ ጋ ሲደርሱ መልካቸው አንድ ነው።
እንፈትናቸዋለን።
በአንድ ማዕዘን ደክማ ያገኘናትን
ያን ማዕዘን ብቻ እንዘጋባትና
በትንሹ ስም ትወጣለች፤ አትጣልም፤ ትሠራለች ገና።
አንዳንዴ ደግሞ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ምንም ሳይጎድላት፣ ገበያው አምስት ሲፈልግ፣
ጤነኛ በሯ ይዘጋል።
ይህን ማንም ሣጥኑ ላይ አይጽፈውም።»

ስለ ቺፕ ነበር የምታወራው።
ስለ ቺፕ ብቻ። ይመስለኛል።
እኔ ግን ያን የፈተና ጠዋት አሰብኩ፤
የላብ ጠብታ የወደቀበትን ወረቀት፣
ያላዞርኩትን የመጨረሻውን ገጽ።

«አምስቱን ስጠን፤ ይሄ ወፍራሙን፣ አየር የሚያገኘውን።
በተረፈው ብር ሜሞሪ ጨምርበት፤ ሠላሳ ሁለት አድርገው።»
«እማማ» አለ ሻጩ፣ «የት ነው የተማሩት?»
ጣቶቿን አሻሸች። ቦርሳዋን ዘጋች።

ማታ የመጀመሪያ ሥዕሌን ሠራሁ፤
ነጭ ቤት፣ ረጅም፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ።
በአንዱ ግድግዳ ላይ መስኮት ከፈትኩበት።
‹አውጣ› አልኩት። ዐሥራ አንድ ደቂቃ።
ሻዬ ቀዘቀዘ። ማራገቢያው አጉረመረመ።
ሽበት አላወጣሁም።

እማ መጣች፤ አፍንጫዋ ማያውን እስኪነካ ተጠጋች፤
መስኮቱን ብዙ ጊዜ አየች።
«ዝቅ አድርጊው» አለች።
«እኛ ተቀምጠን ነው የምንሠራው።»