የሉቃስ ዓመት ኅዳግ

እነማይ፣ ጎጃም፤ ፲፯፻፸፱፣ ዘመነ ሉቃስ

ቀንዱን ባዘነብል፣ ከቀዩ ቀለም ሥር
የተረፈችኝ አንድ ስም ነው የምታሰፍር።
እሷም ለንጉሥ ናት፤ ሥርዓቱ እንዲያ ይላል፤
የቅዱስ፣ የንጉሥ ስም በቀይ ይጻፋል፤
ሌላው በጥላሸት፣ ከድስት ቂጥ ተፍቆ፣
ካረረ ገብስ ጋር በሙጫ ተጣብቆ።

ግን የትኛው ንጉሥ?

በኅዳር አንድ ስም ከጎንደር መጣና
ብዕሬን ቀረጽኩኝ፤ ሳልነካ ብራና
«ተሽሯል» አለ ነጋዴ፣ ጨው ጭኖ ያለፈ።
በጥር ሌላ መጣ፤ እሱም ተገፈፈ።
በሚያዝያ ያነገሡት፣ ሦስተኛውማ፣
ያው የፊተኛው ነው የሚል ወሬ ተሰማ።
እነማይ ሩቅ ናት፤ ስም እዚህ ሲገባ
ባለስሙ ወርዶ፣ ታስሮ ከርሟል አምባ።

ከጸሎቱ መሐል ቦታ ተውኩ፣ ባዶ፤
ሁለት ጣት ስፋቱ፣ ነጭ እንደ በረዶ።
ኅዳጉን ግን ሞላሁ። ኅዳግ ማን ያነባል!

በዚህ ዓመት ሞተ መምህር ዘሚካኤል፣
ሁለት ዓይኑ ጠፍቶ ዓይናማ የሚባል።
በቀብሩ ዕለት ተማሪው ቅኔ ሲዘርፍ
አንድ ቤት ጎደለው፤ ከመቃብሩ አፋፍ
የዘንጉን ኳኳታ ጠበቅን።
ዘንጉ ዝም አለ።
ያኔ ነው የገባኝ ምን እንደ ጎደለ።

በዚህ ዓመት ዋሴ፣ የዓባይ ዋናተኛ፣
ስልቻ ነፍቶ የሚያሻግር መንገደኛ፣
ወታደር ሲመጣ «ስልቻው ተቀዷል»
አለ። ሠራዊቱ ማዶ ተገትሯል፤
እህላችን እስኪገባ ከጉድጓድ።
ውኃው ሲጎድል ግን ተሻግረው ገረፉት፤
«ሠላሳ ዘጠኝ ነው፣ አንዱን ዘለላችሁት»
አላቸው ይባላል። እኔ አልነበርኩም።
ጠባሳውን አይቻለሁ። አልቆጠርኩም።

አንበጣ በጥቅምት። አሞሌ ተወደደ፤
ለአንድ ጨው ሁለት በግ ከገበያ ሄደ።

በግንቦት ፈንጣጣ። ስሙን አልጠራነው፤
«እንግዳ» እያልን በሹክሹክታ አወራነው።
ወለተ ሐና ግን፣ ሸክላ ሠሪይቱ፣
ዓይኗን የፈራናት፣ ገንቦዋ በየቤቱ፣
ከታመመው ሕፃን ከቁስሉ ወስዳ፣
ከማር ጋር ለውሳ፣ በእሾህ ጫፍ ቀድዳ
የጤነኛውን ክንድ፣ ከተበችው።
ከተበች፣
ሰማኒያ ሕፃን ነው፤ በሦስቱ አለቀሰች።

እኔም ክንዴን ሰጠሁ። እኔ ከታቢ ነኝ ባይ፣
ፍየል ታርዶ፣ ተፍቆ፣ ከሞተ ቆዳ ላይ
ስከትብ የኖርኩት፣ ያን ቀን አፈርኩኝ፤
ሕያው ቆዳ ላይ ነው እሷ የከተበችኝ።
አንድ ነጥብ ብቻ። ስርዝ የለ፣ ድልዝ የለ።
ትኩሳቱ መጣ፣ ሦስት ሌሊት አቃጠለ፣
ሄደ።

ዛሬ ጳጉሜን ስድስት። ለሌላው ወንጌላዊ
ያልተሰጠች ዕለት። ሉቃስም፣ እንዲሉ፣ ሐኪም ነው፣ ፈዋሺ።
ነገ ዮሐንስ ነው፣ ዕለቱም፣ ዘመኑም፤
አለቃ በማለዳ ይመጣል፤ አይቀርም፤
«ስሙን አስገባህ ወይ?» ይለኛል ከደጅ።

ቀንዱን ዘነበልኩት፤ እጄ አልተንቀጠቀጠ፤
ሁለት ጣት ክፍተቱ በቀይ ተለወጠ፦
ወለተ ሐና።

«ማን ናት?» ቢል አለቃ፣ እለዋለሁ «እንጃ፤
ሰው ይላክ ወደ ጎንደር፣ ያምጣልን ማስረጃ።»
ወንዙ ሙሉ ነው ገና። መልክተኛው እስኪመለስ፣
ከኪዳን ጀምሮ ሕዝቡ እስኪሰናበት ድረስ፣
ካህናቱ ቆመው ስሟን ይጠራሉ።

እሷ ከሸለቆው ጭቃዋን ትረግጣለች።
አልነገርኳትም። ገንቦ ትሠራለች።