ሁለተኛው ዓይን

እኔ የሰበካው ጸሐፊ ነኝ፤ ግጥም ሞክሬ አላውቅም፤
ይህም ቃለ ጉባኤ ነው፤ ቤት ቢመታ አልጠየቅም።

ቀን፦ ኅዳር ሦስት። ቦታ፦ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣
ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ከሚኒባሱ ማዞሪያ።
የተገኙ፦ ዐሥራ አንድ። የቀረ፦ ጋሽ ሽብሩ።
(ሞቶ ነው የቀረው፤ ግን ልማድ ነው መቁጠሩ።)

አጀንዳ አንድ፦ ሥዕል። በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ፣
ከኪዳነ ምሕረት እግር ሥር፣ ጋሽ ሽብሩ እንዲቀመጥ።

በመቃኞው ዘመን እኮ ውሃ አልነበረንም፤
አንድ ጀሪካን እንኳ ለጸበል አይተርፈንም።
ቧንቧ ሠሪው ሽብሩ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ቦይ ቆፍሮ፣
አንድ ቀን «ክፈሉኝ» ሳይል፣ የኪሱን ሳንቲም ጨምሮ፣
ውሃውን ይዞት መጣ፤
«እሱም ሊሳለም ነው» አለን፣ የመጀመሪያው ጠብታ ሲወጣ።

ለዚህ ሰው ነው ሥዕሉ።
ተቃውሞ የለም፤ ጸደቀ፤ እጅ አወጡ በሙሉ።

ክርክሩ የመጣው ፎቶ ስንጠይቅ ነው፤
መታወቂያው ላይ ማኅተሙ ሰውየውን ውጦታል፤ አንድ ጆሮ ነው የቀረው።
ሠርግ አይቀርም ነበር፤ ግን ካሜራው ሲመጣ
እሱ ጓሮ ነው፣ ከሮቶው ሥር፤ የሚያፈስ ነገር አያጣ።
በመጨረሻ አንዲት ተገኘች፤ የልጁ የትርሲት ምርቃት ዕለት፤
እሷ ጋዋን ለብሳ ስትስቅ፣ እሱ አንገቱን አዙሮ
የምትንጠባጠብ ቧንቧ ሲመለከት፣
በጎን።
አንድ ዓይን ብቻ።

ሰዓሊው ልሳነወርቅ ፎቶዋን አገላበጠ፤
«ከባድ ነው» አለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ተቀመጠ።
«በአባቶች ሥርዓት፣ በጎ ሰው በሁለት ዓይኑ ነው የሚያየን፤
በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፤ ሰይጣን፤
የሰቀሉት ጭፍሮች፤
ጋሽ ሽብሩን ከነሱ ልደምር? ምን ይሉኛል ምእመኖች?»

ከዚያ ወዲያ ስብሰባው ፈረሰ፤ ሁሉም ምስክር ሆነ፤
«ዓይኑ ትንሽ ነበር»፣ «ኧረ ትልቅ» ሲባል ሰዓቱ ባከነ።
ስምንት ዓመት አብረን አስቀድሰን፣ ዓይኑን አናውቀውም።
አቀርቅሮ ነው የኖረው፤ ከመሬት በታች የሚሄደውን ሲያዳምጥ እንጂ
እኛን ሲያይ አላየነውም።

እትዬ ይርገዱ ተጠርታ መጣች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፤
ነገሩን ስንነግራት፣ ከቀብሩ ወዲህ ገና ያን ቀን አየኋት ስቃ፤
«ምን ያደክማችኋል? ያቻት በሩ ላይ፣ ጥሯት፤
ቀኝ ዓይኑን እንዳለ ለትርሲት ነው የሰጣት።»

ትርሲት በመስኮቱ ብርሃን ተቀመጠች፣ ሦስት ከሰዓት በሙሉ፤
ከፎቶዋ ግራው ዓይን፣ ከሷ ቀኙ ተሣሉ።
አንዱ ስልሳ ዓመቱ፣ አንዱ ሃያ አራት፤
አንዱ ሥራ ያደከመው፣ አንዱ ሥራ ያላገኘ፣
ሌሊት የሚነቃ በሥጋት።

አሁን ሄዳችሁ እዩት። ሰማያዊ ቱታውን ለብሶ ተንበርክኳል።
አክሊል የለውም፤ አባ ኃይለ ኢየሱስ «ብርሃን አትጨምሩ» ብለው
ሁለት ጊዜ አስጽፈውኛል፤
የቧንቧ መፍቻውን ግን ከጉልበቱ አጠገብ ሰዓሊው ሹልክ አድርጎ ሥሏል።
ሴቶቹ ሲሳለሙ ግራ ይጋባሉ፤
«አንዱ ዓይኑ ወደ እሷ፣ አንዱ ወደኛ ነው» ይላሉ።
ትርሲት ግን አልገባችም እስካሁን፤
ከደጀ ሰላሙ ትመለሳለች፤ «ራሴን መሳም እንዳይሆን።»

ባለፈው እሑድ ደግሞ ከግድግዳው ግርጌ፣ ከጉልበቱ ሥር፣
ርጥበት ወጣ፤ እንደ ካርታ፣ እንደ አገር ዳር ድንበር።
ምእመኑ «ተአምር» አለ። እኔ ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤
ቧንቧ ነው። የላላ መጋጠሚያ። ሲንጠባጠብ ሰማሁ።

አጀንዳ ሁለት፦ ጥገና።
«ማን ይጠራ?» ተባለ፤ ሁላችንም፣ ሳናስበው፣
ወደ ሥዕሉ ዞርንና
ዝም አልን።

የሠሪው ስም የሚሞላበት መስመር እስካሁን ባዶ ነው።
ውሃው ግን ሊሳለም እየመጣ ነው።