መዘውር

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሲመሽም ሲነጋ፣
የደብረ ማርቆስን ቧንቧ ሲከፍት ሲዘጋ፣
ማክሰኞ ላይ ሰፈር፣ ሐሙስ ታች ሰፈሩን
በፈረቃ አጠጥቶ፣ ጠጥቶ እርግማኑን፣
ባሌ እንየው ጡረታ በወጣ በወሩ
ሳሎን ውስጥ ፏፏቴ ይተክል ከምሩ?

ድንጋዩ ከጨሞጋ፣ በባጃጅ የመጣ፤
ሞተሩ ከባሕር ዳር፣ ሁለት ሺህ ያወጣ፤
ቱቦው የግሉኮስ ነው፣ ሐኪም የሰካለት፣
ጎኑ ዝሎ ተኝቶ ነፍስ ያንጠባጠበለት፤
አለች ከነመዘውሯ፣ ባቄላ የምታህል፣
ጠብታን ከጠብታ አንቃ የምትነጥል።

መጀመሪያ ሲለቀው ጉድ ፈላ በቤቴ፦
ከግድግዳ ፎቶው ላይ ፊቱን ታጠበ አባቴ።
ቀነስ ቢያደርገው ደግሞ፣ ሌባ ሆነ ውኃው፤
ድንጋዩን ታክኮ ሾለከ ወደ ኋላው።

ጎረቤቴ ይርገዱ ጀሪካን አንጠልጥላ፣
«ሰፈር ተጠምቶ ሳለ ውኃ ታጫውታለህ?» ብላ
ብትቆጣው፣ «ያቺው ጆግ ናት፣ ትዞራለች» አላት።
ጎንበስ ብላ አየች።
እስካሁን አልገባት።

ማታ እሱና እኔ። ከሕመሙ በኋላ
ድምፁ ቀጥኗልና፣ ውኃው ቃሉን በላ።
«ወንዝ ይምሰል» አለኝ። «ወንዝማ ደጅ አለ፤
እኔ የምሻው» አልሁት «ካንተ ድምፅ ዝቅ ያለ።»

ዝም አለ።
በአውራ ጣቱ ገፋ ያቺን ትንሽ መዘውር፤
ከተማ ያዘዘ እጅ ጠብታ ሲቆጥር፤
ሲገፋ፣ ሲመልስ፣
ሲገፋ።
«አሁንስ?» አለኝ።

ሰማሁት።