ምራቁን የዋጠ

አፉላ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ማክሰኞ በማለዳ፤
አቪሻይ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣
ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል እንደ እንግዳ።
እናቱ ይታይሽ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ፣
እኔ መሐላቸው፣
በሰዓት የምከፈል ምላስ፣
የማልጠይቅ፣ የማልከስ።

ዶክተር ራይሳ ወረቀት ገለጠች።
«ልቡ» አለች፣
«ሲያርፍ በደቂቃ ሃምሳ አራት ነው፤
ከእኩዮቹ ያነሰ። ይሄ አንዱ ምልክት ነው።»
ተረጎምኩ፦ ልቡ ቀስ ብሎ ይመታል።
ይታይሽ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤
«የመታውስ እጁ ነው፤
ልቡን ምን አድርግ ይሉታል?»

የተመታው ልጅ ዬጎር ይባላል፤
መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ሾርባ በስትሮ ይምጋል።
ለስልክ ነበር። መስታወቱ ለተሰነጠቀ ስልክ።
ይህን ተርጉሚ ያለኝ የለም፤
ግን ከወረቀቱ ሁሉ
ከዓይኔ አልጠፋ ያለኝ እሱ ነው።

ቀጥሎ ያ ቃል መጣ፣ ፀረ ምናምን የሚለው፤
በዕብራይስጥ ረጅም ነው፣ አፍ ይሞላል።
በአማርኛ ምን ልበላት?
ባለጌ? ያ አሳዳጊን ይሰድባል።
ወንበዴ? ያ ጫካ ይፈልጋል።
ጨካኝ? ያ ልብን ይከሳል፣
ልቡ ገና እየተቆጠረ።
«ከሰው ያልገጠመ» አልኩ መጨረሻ ላይ።
«ከየትኛው ሰው ጋር?» አለች።
ጥያቄዋን ወደ ማዶ አላሻገርኩትም።

«ደግሞ የድንጋጤ ሆርሞን አለ፤
በማለዳ ከምራቅ ይለካል፣
አንዳንድ ልጅ ላይ ዝቅ ይላል።»
እኛ ጋ ሰው የሚባለው ምራቁን የዋጠ ነው፤
እዚህ ትፋ ይሉታል፣ ሰው መሆኑን ሊያውቁ።
ይታይሽ ባዶውን ብልቃጥ አንስታ
በመስኮቱ ብርሃን አገላበጠችው።
ደም ሰጥተን ደፍተውት ያውቃሉ፣ በአንድ ወቅት።
«ይሄንንስ የት ነው የሚያደርሱት?»

አቪሻይ ጎንበስ አለ። አልመጣም።
እንደገና። አልመጣም።
ሐኪሟ ጻፈች፦ የረጋ፣ የማይጨነቅ።
እኔ ግን አጠገቡ ነኝ፤
ምላሱ ላንቃው ላይ ሲጣበቅ ሰማሁ፣
እንደ ደረቅ ቆዳ ሲላቀቅ።

«ሎሚ አስብ» አለችው እናቱ፣
«ያን በሚጥሚጣ የምሰነጥቀውን፣
አባትህ ዓይኑን ጨፍኖ የሚመጠውን።»
ከንፈሩ ተሸበሸበ፤ ሳቀ፤
ምራቁም መጣ፣ እስከ መስመሩ።

በመስኮቱ ማዶ፣ አዲሶቹ ፎቆች ላይ፣ ክሬን ይዞራል።
ልጁ ከመጣን ጀምሮ የሚያየው እሱን ኖሯል።
«አባቱ እዚያ ላይ ነው፤
አርባ ሜትር ላይ ነፋስ ሲወዘውዘው
ልቡ ቅንጣት አይደነግጥም።
ለዚያ ልብ ደሞዝ ይከፍሉበታል፤
ለዚህ ፋይል ከፈቱበት?»

ይህንን ግን ተረጎምኩ። ቃል በቃል።
ዶክተር ራይሳ ብዕሯን አስቀመጠች፣
ክሬኑን አየችው፣ አንድ ዙር እስኪጨርስ።
«ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም» አለች።
«ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል።»
«ይህንማ» አለች ይታይሽ፣
«ያለ ምራቅ፣
የወለድኩት ቀን አውቄው ነበር።»

ብልቃጡ ላይ ቁጥር ተለጠፈ፤ ስም የለውም።
ደረጃውን ስንወርድ ልጁ ወደ ኋላ ቀረና
በዕብራይስጥ፣ እናቱ እንዳትሰማ፣ ጠየቀኝ፦
«የዬጎርስ ልብ፣ በደቂቃ ስንት ይመታል?»
አላውቅም አልኩት።
በሁለቱም ቋንቋ አላውቅም።

ማታ ጣቴን አንጓዬ ላይ አሳርፌ ቆጠርኩ፤
ሰባ ስድስት። ትንሽ ቆይቼ ሰማንያ አንድ።
ከዚያ ለቢሮው ሒሳብ ሞላሁ፦
አፉላ፣ አንድ ቤተሰብ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፤
«ሳይተረጎም የቀረ» የሚል ሣጥን
ቅጹ ላይ የለም።